ቀስ ብሎ የሚሞት ዓሣ

ልጄ ስድስተኛ ዓመቷን በያዘች ዕለት አንድ ወርቃማ ዓሣ በክብ የብርጭቆ ዕቃ አድርጌ ይዤላት ገባሁ። ዕቃው አራት ሊትር ውኃ ቢይዝ ነው። የሸጠልኝ ሰው ዓሣውን እያመሰገነ፣ «ጎልድፊሽ ማለት ቻይ ነው፤ ውኃውን በሳምንት አንዴ ትቀይራለህ፣ ምግቡን ቆንጠር አድርገህ ትሰጠዋለህ፣ በቃ» ብሎኝ ነበር። ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ አንዱን እርከን አጽድቼ፣ የገባ ሁሉ እንዲያደንቀው ከመስኮቱ ፊት ለፊት አስቀመጥሁት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጥቂት ስትመለከተው ቆየችና፣ «ይህ ለየትኛው ጾም ነው?» አለች። ሳቅን። በቤታችን ዓሣ ከሐይቅ ወደ መጥበሻ የሚሄድ እንጂ ከመጻሕፍት ጎን የሚቀመጥ ፍጥረት አልነበረምና በጥያቄዋ አልፈረድንባትም።

ዓሣው አምስት ሳምንት ኖረ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከውኃው ገጽ ሥር ተንጠልጥሎ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ልጄ፣ «እያወራኝ ነው» ትላለች፤ እኔም እርሷን ለማስደሰት ብቻ ሳይሆን ከልቤ አምኜ፣ «ምን አለሽ?» እያልሁ እጠይቃታለሁ። ስንጥቡ ተጎድቶ አየር ያጠረው ዓሣ እንደዚያ እንደሚያደርግ ያወቅሁት ከቀበርነው በኋላ ነው። ከጽጌረዳው ሥር ጉድጓድ ምሰን ስንቀብረው ልጄ አላለቀሰችም። መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ግን ጠየቀችኝ፤ «እዚያ ውስጥ ይኖራል ያለው ማን ነው?»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም የልጄን ጥያቄ ይዤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ስጎረጉር የወጣልኝ ነገር ከአንድ ዓሣ ሞት የሰፋ ሆነ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ወርቃማው ዓሣ ከካርፕ ወገን ነው። በቻይና ወንዞችና ኩሬዎች የኖረው አያቱ የጭቃ መልክ ያለው፣ ለዓይን የማይስብ፣ ለምግብ ብቻ የሚፈለግ ዓሣ ነበር። አልፎ አልፎ ከመካከሉ ቀይ ወይም ቢጫ የሆነ ይወለዳል። ሕይወት ያለውን ፍጥረት ከሞት አድኖ መልቀቅ ለነፍስ ይበጃል የሚሉ የቡድሃ ተከታዮች እንዲህ ያለውን እንግዳ መልክ ያለው ዓሣ ከአጥማጅ እጅ እያስጣሉ ከገዳሞቻቸው አጠገብ ባለ ኩሬ ይለቁት ነበር። እንግዲህ ይህ ዓሣ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው በምሕረት ነው ማለት ይቻላል። በ12ኛው መቶ ዘመን የደቡብ ሶንግ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በሃንግጆው የቤተ መንግሥት ኩሬዎች ተቆፈሩለት። ገና በኩሬ ሳለ ግን መልኩ ከቀለም በቀር ብዙ አልተለወጠም፤ ጅራቱ የተንዠረገገ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጀርባው የጎበጠ ዓሣ በኩሬ ውስጥ ከፈጣኖቹ ጋር ተሻምቶ አይኖርምና።

ለውጡ የመጣው በሚንግ ዘመን፣ ዓሣው ከኩሬ ወጥቶ በግቢ ውስጥ በተደረደሩ ትልልቅ የሸክላ ጋኖች መኖር ሲጀምር ነው። በጋን ውስጥ ያለ ዓሣ ጠላት የለውም፤ ምግቡን ሰው ያመጣለታል፤ የሚዋለደውን የሚመርጠውም ሰው ነው። በ1596 ዛንግ ቺየንደ የተባለ ሰው ስለዚህ ቀይ ዓሣ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። የአመራረጡን መንገድ ሲያስረዳ፣ በየክረምቱ ከገበያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጫጩት ዓሦች ገዝቶ በብዙ ጋኖች ማከፋፈልን፣ ከዚያም በየዕለቱ የማያምሩትን እያወጡ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ማስቀረትን ይመክራል። ይህን ሳነብ ቆም አልሁ። የዛሬው ወርቃማ ዓሣ የእነዚያ ከመቶ አንድ የተረፉት ልጅ ልጅ ነው። ሲመረጥ የታየው ቀለሙ፣ ጅራቱና አካሄዱ ነው። ስለ ጠባብ ቦታ ማንም አልጠየቀም፤ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፤ ጋኑ አፉ ሰፊ፣ ከደጅ የተቀመጠ፣ በየጊዜው ውኃው የሚቀየር ዕቃ ነውና። በዚያ ላይ ዓሣው የሚታየው ከላይ ነው። የተንዠረገገው ጅራት እንደ ተዘረጋ ሐር የሚያምረው ቁልቁል ሲመለከቱት ነው እንጂ ከጎን አይደለም።

ብርጭቆው የአውሮፓ ነገር ነው። በ1665፣ ለንደን በወረርሽኝ በምትታመስበት ዓመት፣ የባሕር ኃይል ሹሙና የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል ፒፕስ በግንቦት 28 ቀን ከባለቤቱ ጋር አንዲት ወይዘሮ ዘንድ ሄዶ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባዕድ አገር ዓሦችን አየ። ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ስለ ውበታቸው ብቻ አይደለም፤ በዚያው ብርጭቆ ለዘለዓለም የሚኖሩ መሆናቸውንም ጽፏል። ማን እንደ ነገረው አልገለጸም። ምናልባት ባለቤቲቱ ትሆናለች፤ ምናልባት ለእርሷ የሸጠላት ሰው ይሆናል። እኔ ግን ልጄ የጠየቀችው ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብሁ። የኔ ሻጭ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረውን ቃል ነበር የደገመልኝ።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ከዚህ ታሪክ የሚያውቁት ሌላ ገጽ አለ። ጸሐፊው ሆራስ ዋልፖል ሰሊማ የምትባል ድመት ነበረችው፤ በ1747 ወርቃማ ዓሦች ከሚኖሩበት ትልቅ የቻይና ሸክላ ዕቃ ውስጥ ወድቃ ሰጠመች። ወዳጁ ቶማስ ግሬይ ስለ ሞቷ የጻፈው ግጥም በ1748 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ግጥሙ የድመቷ ነው፤ ዓሦቹ እዚያ ያሉት ለማባበያ ነው። ዋልፖል ግን ዓሣ አያያዝ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር መመስከር ይገባል፤ በስትሮውቤሪ ሂል ባለው ርስቱ ፖያንግ ብሎ በቻይናው ሐይቅ ስም የጠራው ኩሬ ነበረው፤ ከዚያም እያራባ ለወዳጆቹ ይሰጥ ነበር። ድመት የሚያሰጥም ዕቃ ደግሞ ለዓሣ አይጠብም።

በእንግሊዝ የመስታወት ቀረጥ በ1845 ተነሣ፤ መስታወት ረከሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል ኬሚስት በለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች አዳራሽ ውስጥ ያደረገውን ሙከራ ለኬሚካል ማኅበሩ አቀረበ። 12 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 54 ሊትር የሚይዝ ትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ወሰደ፤ ከሥሩ አሸዋና ጭቃ አደረገ፤ ቫሊስኔሪያ የተባለውን ረዣዥም የውኃ ሣር ተከለበት፤ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች ጨመረበት። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰመረ። ቀጥሎ የሣሩ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን ውኃውን አልደፋም፤ የበሰበሰውን የሚበሉ የውኃ ቀንድ አውጣዎች አምጥቶ ጨመረ። ውኃው ጠራ። ሣሩ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሣው ለሣሩ የሚሆነውን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው ቆሻሻውን ይበላል፤ የቀንድ አውጣው ዕንቁላልና ጫጩት ደግሞ ለዓሣው ምግብ ይሆናል። ከእርሱ በፊት ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በ1832 በሲሲሊ የባሕር እንስሳ ለማጥናት የመስታወት ሣጥን ሠርታለች፤ ለሳሎን የሚሆነውን የንጹሕ ውኃ ሥርዓት ያስተዋወቀው ግን የዋሪንግተን 54 ሊትር ነው።

የቀረውን የሠራው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት በ1853 ተከፈተ፤ ጎስ በዓመቱ አኳሪየም የሚለውን ስም ለመጽሐፉ ርእስ አድርጎ አሳተመ፤ ስሙም እነሆ እስከ እኛ ድረስ ደረሰ። እንግሊዛውያን ባልዲ ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፉ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 «አባትና ልጅ» በሚለው መጽሐፉ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያያቸው የድንጋይ ላይ የባሕር ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ተመዝብረው ባዶ መቅረታቸውን በኀዘን ይተርካል። አባቱ ይህን ያህል ጥፋት ያስከትላል ብሎ አላሰበም።

ይሁንና እኔን ያስደነቀኝ ሌላ አባትና ልጅ ነው። ኬሚስቱ ዋሪንግተን የእርሱኑ ስም የያዘ ልጅ ነበረው። ልጅየው የእርሻ ኬሚስት ሆኖ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ሮታምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ አፈር ሲመረምር ኖረ። የተጨነቀበት ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከፍግና ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በምንድን ነው? በ1877 ሽለዚንግና ሙንትስ የተባሉ ፈረንሳውያን ለውጡን የሚያመጡት ሕያዋን ረቂቅ ነፍሳት መሆናቸውን አሳይተው ነበር። ዋሪንግተን ልጁ ደግሞ ለውጡ በሁለት እርምጃ፣ በሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች እንደሚፈጸም አረጋገጠ፤ አንዱ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ባክቴሪያዎቹን ለይቶ በማውጣት ግን በ1890 ሩሲያዊው ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ ቀደመው፤ ክብሩንም ወሰደ።

እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ። ዓሣ ከስንጥቡ ያለማቋረጥ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዙ ነው፤ ናይትራይትም እንዲሁ። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ አይጎዳውም። አባትየው ዓሦቹ የኖሩለት ሣሩ አየር ስለሰጣቸው፣ ቀንድ አውጣውም ውኃውን ስላጠራላቸው ይመስለው ነበር፤ ከፊሉ እውነት ነው። በአሸዋውና በጭቃው ውስጥ ግን የልጁ ባክቴሪያዎች ሳይታዩ ይሠሩ ነበር። አዲስ ውኃ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ለዓሣው እስኪደርሱለት ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። የኔ ዓሣ የሞተው በአምስተኛው ነው። አሸዋ አልነበረውም፤ ሣር አልነበረውም፤ በየሳምንቱም ዕቃውን በሙቅ ውኃ እያጠብሁ ትንሽ የተራባውን ሁሉ እደፋ ነበር። እንዲያምር ብዬ።

ከዋሪንግተን ሙከራ ሕዝቡ የወሰደው ዓሣውንና ብርጭቆውን ነው። ሣሩን፣ ጭቃውን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የዕቃውን ስፋት ተወው። ሃምሳ አራቱ ሊትር አራት ሆነ።

ለመሆኑ ወርቃማው ዓሣ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለ? ምላሹ በዘሩ ውስጥ ነው። የሰሜን አውሮፓ ኩሬዎች በክረምት በበረዶ ሲከደኑ ኦክስጅን በሌለበት ውኃ ለወራት የሚቆይ ክሩሺያን የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። በ2017 የኦስሎና የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሁለቱም ዓሦች አየር ሲያጥራቸው በሰውነታቸው የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል እየለወጡ በስንጥባቸው እንደሚያስወጡት፣ ይህንም የሚያደርግ ልዩ ፕሮቲን እንዳላቸው አሳይተዋል። በገዛ ሥጋው ውስጥ አረቄ የሚያወጣ ዓሣ ማለት ነው። ሌላው ዓሣ በሁለት ቀን በሚሞትበት ውኃ እርሱ ሳምንታት ይቆያል። ሻጩ «ቻይ ነው» ያለኝ ውሸት አልነበረም። ለጠባብ ዕቃ ያስመረጠው ጠባቡ ስለተስማማው አይደለም፤ እዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ነው። ሞቱ ስለሚዘገይ ገዢው ጥፋቱን በሌላ ያሳብባል፤ በምግቡ፣ በልጁ፣ በብርዱ።

በደግ ውኃ የያዙት ዕድሜው ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1956 በአንድ የመንደር ባዛር ለሽልማት የተሰጠ ቲሽ የሚባል ወርቃማ ዓሣ የሞተው በ1999 ነው፤ 43 ዓመት ኖሮ። በሰፊ ኩሬ ያደገ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የጣሊያኗ ሞንዛ ከተማ በ2004፣ ሮማም በ2005 ወርቃማ ዓሣን በክብ ብርጭቆ ማኖርን በደንብ ከልክለዋል። ጋዜጦች ያኔ እንደ ቀልድ ጽፈውት ነበር፤ እኔም እንደ ሳቅሁ አልክድም።

ታዲያ ለትንሽ ሣጥን የሚሆን ዓሣ የቱ ነው? የድሮ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ጋሎን ውኃ አንድ ኢንች ዓሣ የሚል መለኪያ ያስተምሩ ነበር። መለኪያው ለቃል ይጣፍጣል፤ ለሒሳብ ግን አይሆንም። ባለ 25 ሳንቲ ሜትር አንድ ዓሣና ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር አሥር ዓሦች ርዝመታቸው ሲደመር እኩል ነው፤ ሰውነታቸው ግን እኩል አይደለም። በአሥር እጥፍ የረዘመ ዓሣ በአሥር እጥፍ ይሰፋል፣ በአሥር እጥፍም ይወፍራል፤ ስለዚህ ክብደቱ ወደ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። ያ አንዱ ትልቅ ዓሣ የአሥሩን ትንንሾች መቶ እጥፍ ሥጋ ተሸክሟል፤ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል።

ብዙ ሰው ከወርቃማው ዓሣ ቀጥሎ የሚጠራልኝ የስያሙን ተዋጊ፣ ቤታን ነው። በ1840 የስያም ንጉሥ ለዴንማርካዊው ሐኪም ቴዎዶር ካንቶር ከእነዚህ ዓሦች ሰጡት፤ እርሱም በ1849 ስለእነርሱ ጻፈ። የዛሬ ስሙን የሰጠው ቴት ሪገን በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ታይላንድ በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ ብላ አውጃዋለች። በ2022 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከሰው ጋር የኖረው ቢያንስ ሺህ ዓመት መሆኑን አመልክቷል። ከስንጥቡ ሌላ በአናቱ ውስጥ ላብሪንት የሚባል ክፍል ስላለው ከውኃው ገጽ አየር ይስባል፤ በሩዝ ማሳ ሞቃትና አየር ባነሰው ውኃ የሚኖረውም በዚህ ነው። ሻጮች ወንዶቹ እንዳይጋደሉ በየስኒው ለየብቻ ያኖሯቸዋል፤ ገዢው ደግሞ ስኒውን ቤቱ ይመስለዋል። ያው የቀድሞው ስሕተት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ማሳው ጥልቀት የለውም እንጂ እስከ ዓይን ዳርቻ ይዘረጋል። ሃያ ሊትር፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ፣ ሣር ያለበት ውኃ ከሰጡት ግን ለትንሽ ቤት ከእርሱ የተሻለ ብቸኛ ነዋሪ የለም። አንድ ብቻ፤ ጓደኛ አያሻውም።

የዚሁ ዘመድ የሆነው የገነት ዓሣ በ1869 ከቻይና ፓሪስ ገብቶ በፒየር ካርቦኒየ እጅ ተራባ። ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን የሳሎን ብርድ የሚችል በመሆኑ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ጠበኛነቱ ግን ከጎረቤት አያኖርም። እንዲያውም ፒፕስ በ1665 ያየው ወርቃማ ዓሣ ሳይሆን ይህ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። እውነት ከሆነ፣ አየር የሚስብ ዓሣ ነውና ያ «ለዘለዓለም» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ይገባኛል።

ጉፒን ብዙ አላወራለትም። ሮበርት ጉፒ በ1866 ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን የላከው ይህ ትንሽ ዓሣ ዕንቁላል አይጥልም፤ ጫጩቶቹን ሕያው አድርጎ ይወልዳል፤ በየወሩ ገደማ። ሴቷ አንድ ጊዜ ከተጠቃች ያለ ወንድ ለወራት ትወልዳለች። ወንድና ሴት ያስገባ ሰው ዓመት ሳይሞላ ጎረቤት ለጎረቤት ዓሣ እያደለ ይዞራል።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ቀረብ የሚል አንድ ነገር ላንሣ። ያኔ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው በአሰብ ወደብ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በጉድጓዶች፣ በማጠራቀሚያ ገንዳዎችና በበርሜሎች ነበር። የጤና ባለሙያዎች የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ ሲፈልጉ ከሩቅ አላስመጡም፤ አፋኒየስ ዲስፓር የሚባለውን፣ የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆነውንና ጨውንና ሙቀትን የለመደውን ትንሽ ዓሣ መርጠው አስገቡበት፤ እጩ መቀነሱን የሚገልጸው ጥናት በ1992 ታትሟል። ከዛንግ ቺየንደ ይልቅ የእነዚህ ሰዎች አመራረጥ ልቤን ነካው። የጠየቁት ዓሣው ያምራል ወይ ብለው አይደለም፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ ምን ዓይነት ነው ብለው ነው።

ያንኑ ጥያቄ እኔም ለቤቴ ጠየቅሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በውኃ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሳሎኔ ውኃ በክረምት ሌሊት 16 ዲግሪ ሲሆን ለክቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያም አየር መንፊያም አብሮ ይቆማል። ኒዮን ቴትራ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ያ ሰማያዊና ቀይ መብራት የመሰለ፣ በ1930ዎቹ ኦገስት ራቦ ከፔሩ አማዞን ያወጣው፣ በ1936 ጆርጅ ማየርስ ለዓሣ ጸሐፊው ለዊልያም ኢነስ መታሰቢያ ብሎ የሰየመው ዓሣ። በዚያው ዓመት በሂንደንቡርግ የአየር መርከብ ወደ አሜሪካ ከተጫኑት ጥቂቶች መካከል ቺካጎ በሕይወት የደረሰው አንድ ብቻ እንደ ነበር ይተረካል። በመንጋ ካልሆነ የማይኖር ዓሣ ብቻውን በሚሊዮን ሕዝብ ከተማ! ይሁን እንጂ ኒዮን ሙቀት ይፈልጋል፤ የመብራት መጥፋትን አይችልም። ተውሁት።

ያገኘሁት በኒዮን ጥላ ሥር የኖረ አንድ ሌላ ዓሣ ነው። ታን የተባለ የቻይና ስካውት መሪ በጓንግጆው አጠገብ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ምንጮች አገኘው፤ በ1932 ሊን ሹየን የተባለ ሊቅ ታኒክቲስ አልቦኑቤስ ብሎ ሰየመው፤ የነጭ ደመናው የታን ዓሣ እንደ ማለት ነው። አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎኑ ላይ የብር መስመር፣ ጅራቱ ላይ ቀይ አለው። ኒዮን ውድ በነበረበት ዘመን የድኻ ኒዮን ይሉት ነበር። ተራራ ላይ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ የኖረ ነውና 16 ዲግሪ አያሳምመውም፤ እንዲያውም ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከስምንት እስከ አሥር ሆነው አብረው ይንሸራሸራሉ እንጂ ማንንም አይነኩም። በዓለም ዙሪያ በመስታወት ውስጥ ሲራባ በትውልድ ምንጮቹ ግን ሰው ወንዙን እያበላሸበት ጠፍቶ ነበር፤ ፈጽሞ አልቋል ከተባለ በኋላ በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጥቂት ቅሪቶች ተገኙ።

ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። መስታወት ቆራጭ ዘንድ አብረን ሄደን 60 በ30 በ35 የሆነ ሣጥን አሠራን፤ ውኃውን 54 ሊትር ላይ አቆምነው። ለምን በዚያ ልክ እንደ ሆነ ስለ ዋሪንግተን ነገርኋት፤ ከታሪኩ ሁሉ የወደደችው ቀንድ አውጣዎቹን ነው። አሸዋ አጥበን አነጠፍን፤ የውኃ ሣር ተከልን፤ ዓሣ ግን አላስገባንም። በየማለዳው እርሷ ቆንጠር አድርጋ የዓሣ ምግብ በባዶው ውኃ ላይ ትበትናለች፤ እየበሰበሰ አሞኒያ እንዲሆን፣ ያ የማይታየው ወገን እንዲራባ። ከመደርደሪያው ጎን የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ በእርሳስ ታሠምርበታለች።

በሠላሳ አንደኛው ቀን እናቴ መጣች። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ምግብ ስትበትን አገኘቻት። መነጽሯን አድርጋ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች፤ ከሣሩ መካከል፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከወዲያ ጥግ ፈለገች። ቀና ብላ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የልጅ ልጇን አየችና፣

«አሁን ደግሞ ውኃ ትቀልቡ ጀመር?» አለች።